በእጅ የተጻፈው ጋዜጣ

አሁን በእጃችሁ የያዛችሁት ወረቀት ጋዜጣ ይባላል። ለመሆኑ ጋዜጣ በአገራችን እንዴት ተጀመረ?

ድሮ የመንግሥት ቃል ለሕዝብ የሚደርሰው በአዋጅ ነበር። ነጋሪት ይጎሰማል፤ ሕዝቡ ገበያ ላይ ይሰበሰባል፤ አዋጅ ነጋሪው ይናገራል። በዕለቱ ገበያ ያልወጣ ሰው ግን የሚሰማው ከሌላ ሰው አፍ ነው። ወሬ ደግሞ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ይጨመርበታል፤ ይቀነስበታል። ከዳንግላ የተነሣው ወሬ እንጅባራ ሲደርስ ሌላ ሆኖ ይገኛል። የተጻፈ ነገር ግን እንደተጻፈ ይደርሳል።

በ1890ዎቹ ዓመታት፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ አንድሬያስ ካቫዲያስ የሚባል ግሪካዊ በአዲስ አበባ አንድ ትንሽ የአማርኛ ጋዜጣ ጀመረ። ጋዜጣው መጀመሪያ በማተሚያ መኪና አልታተመም፤ በእጅ ነበር የሚጻፈው። በየሳምንቱ የሚወጣውም 24 ቅጂ ብቻ ነበር። እስቲ አስቡት! አንድ ገጽ ደብተር ስንጽፍ እንኳ ጣታችን ይዝላል። እነሱ ያንኑ ጽሑፍ 24 ጊዜ ይገለብጡት ነበር። ስሙን ያወጡለት ምኒልክ ናቸው፤ «አእምሮ» አሉት። ኋላ ግን በማባዣ መሣሪያ ተባዛ፤ ቀጥሎም በማተሚያ ታተመ።

በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ተቋቋመ። በ1917 ዓ.ም. በዚሁ ስም ጋዜጣ ወጣ። በ1928 ዓ.ም. ፋሽስት ጣሊያን አገራችንን ሲወር ጋዜጣው ተቋረጠ። ጠላት ከተባረረ በኋላ በ1933 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ጋዜጣ ተመሠረተ። ይኸው ዛሬም ይታተማል።

እንግዲህ ጋዜጣው ነበረ፤ የጎደለው አንባቢው ነው። ገበሬው ግብር ይከፍላል፣ አገር ይመግባል፤ ፊደል ግን አያውቅም ነበር። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ነው ብዙው ገበሬ ደብተርና እርሳስ የጨበጠው።

አለማንበብ ምን እንደሚያስከፍል በቤታችን አይቻለሁ። አንድ ዓመት የማዳበሪያ ማከፋፈያው የሚዘጋበት ቀን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። አባቴ ወረቀቱን ቆሞ አየው፤ ግን የሚያነብለት ሰው አጣ። ገበያ ላይ «ገና ሁለት ሳምንት አለ» ብለው ነገሩት፤ አምኖ ተመለሰ። ሲሄድ በሩ ተዘግቷል። የዚያን ዓመት ድንቻችን የረባ ምርት አልሰጠም። ዛሬ አባቴ እየተንተባተበም ቢሆን ማስታወቂያውን ራሱ ያነባል።

ስለዚህ ይህን ጋዜጣ አንብባችሁ አትጣሉት። ማታ እሳት ዳር ለቤተሰብ አንብቡት፤ ከዚያም ለጎረቤት አውሱት። 24 ቅጂ ብቻ የነበረው «አእምሮ» ስሙ እስከ ዛሬ ይነሣል። እናንተ የያዛችሁት አንድ ቅጂም ለ24 ሰው ሊበቃ ይችላል።

ጥያቄዎች
1. «አእምሮ» ጋዜጣ በመጀመሪያ ስንት ቅጂ ነበረው?
2. ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ለምን ተቋረጠ?
3. በመንደራችሁ የተለጠፈ ማስታወቂያ አለ? አንብቡና ለጎረቤታችሁ ንገሩ።