የባሕር ዳርን ሞገድ አስቀድሞ ስለ ማወቅ

በቆላ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ያረፈ መንገደኛ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ በደራሽ ውሃ ሊወሰድ ይችላል። ዝናቡ የዘነበው እርሱ ካለበት ስፍራ ሳይሆን ርቆ ካለው ደጋ ላይ ነውና። የውቅያኖስ ሞገድም ጠባዩ እንደዚሁ ነው። በሐዋይ፣ በኦዋሁ ደሴት ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በእነርሱ የብርድ ወራት ፀሐይ ደምቃ ነፋሱም ረግቶ ሳለ፣ በቋጥኝ ላይ የቆመ ሰው ከሩቅ በመጣ ሞገድ ሊጠረግ ይችላል። ስለዚህ የነገውን ሞገድ ዛሬ ማወቅ፣ በጣውላ ላይ ቆመው በሞገድ ለሚንሸራተቱ ብቻ ሳይሆን ለዓሣ አጥማጅና ለዋናተኛም የሕይወት ጉዳይ ነው።

ይህ ጥናት በሚገባ የተደራጀው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ኖርዌያዊው ሊቅ ስቨርድሩፕና ተማሪው ዋልተር መንክ፣ ወታደሮች ከባሕር ወደ የብስ የሚወርዱበትን ቀን ለመምረጥ እንዲረዳ፣ ከነፋሱ ተነሥቶ የሞገድን መጠን የሚገምት ዘዴ አወጡ። በ1963 እ.ኤ.አ. ደግሞ መንክና ባልደረቦቹ ከኒው ዚላንድ እስከ አላስካ መለኪያዎች አቁመው፣ በደቡብ ውቅያኖስ የተወለደ ሞገድ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ እንደሚደርስ አረጋገጡ።

ሞገድን የሚያሳድጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም የነፋሱ ፍጥነት፣ የነፈሰበት የጊዜ ርዝመትና በውሃው ላይ ያለ መሰናክል የሄደበት ርቀት ናቸው። ሞገዱ ከማዕበሉ አካባቢ ከወጣ በኋላ ነፋስ ባይኖርም ጉዞውን ይቀጥላል። ከካዋይ ደሴት በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የታሰረ ተንሳፋፊ መለኪያ አለ። ከዚህና ይህን ከመሰሉ መለኪያዎች የሞገዱን ቁመት፣ የምልልስ ጊዜና አቅጣጫ እናገኛለን። የምልልስ ጊዜ ማለት ሁለት ተከታታይ የሞገድ ጫፎች በአንድ ነጥብ ሲያልፉ በመካከላቸው ያለው ሰከንድ ነው።

ብዙ ሰው ቁመቱን ብቻ አንብቦ ይተዋል፤ ዳሩ ግን ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። አንደኛ፣ የሚነገረው ቁመት ከሁሉ የበለጡት የሲሶዎቹ ሞገዶች አማካይ ስለሆነ፣ 3 ሜትር ሲባል አልፎ አልፎ 6 ሜትር የሚጠጋ ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛ፣ ቁመታቸው እኩል ከሆነ፣ የምልልስ ጊዜው 16 ሰከንድ የሆነው ሞገድ ባለ 8 ሰከንዱን እጥፍ ኀይል ወደ ዳርቻ ያደርሳል፤ ሲሰበርም ይበልጥ ይቆማል።

የምልልስ ጊዜ የሚደርስበትንም ሰዓት ይነግረናል። ሰከንዱን በ2.8 ብናባዛ፣ የሞገዱ ጭፍራ በጥልቅ ውሃ በሰዓት የሚሄደውን ኪሎ ሜትር በግምት እናገኛለን። መለኪያው ከዳርቻው 400 ኪሎ ሜትር ይርቃል እንበል። ባለ 16 ሰከንዱ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ሄዶ በ9 ሰዓት ገደማ ይደርሳል፤ ባለ 10 ሰከንዱ ግን 28 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሚሄድ ከ14 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ ረጅም ምልልስ ያለው ቀድሞ ይመጣል። መለኪያው አነስተኛ ቁመትና 20 ሰከንድ ቢያሳይ፣ ይህ የትልቁ መልእክተኛ ሊሆን ይችላልና ሊናቅ አይገባም።

አቅጣጫውም መታየት አለበት። ከምዕራብ ሰሜን ምዕራብ የሚመጣውን ሞገድ የካዋይ ደሴት በከፊል ስለምትከልለው፣ ወደ ኦዋሁ የሚደርሰው ይቀንሳል።

በመጨረሻ የአካባቢው ነፋስ ይመረመራል። ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍስ ለስላሳ ነፋስ የሞገዱን ፊት ደግፎ አቁሞ ያጠራዋል፤ ከባሕር ወደ የብስ የሚነፍሰው ግን ጫፉን ያለ ጊዜው አፍርሶ ውሃውን ያውካል። ነገር ግን ነፋሱ የሚለውጠው በአብዛኛው የሞገዱን መልክ እንጂ ከሩቅ ይዞት የመጣውን ኀይል አይደለም።

እንግዲህ በማለዳ ወደ ባሕር የሚወርድ ሰው የሰማዩን መጥራት አይቶ ብቻ አይወስን። ደራሹ ከየትኛው ደጋ እንደተነሣ የሚነግሩት እነዚህ ጥቂት ቁጥሮች ናቸው።