ማግኔት ቤንዚን ይቆጥባል?

«ይህችን ማግኔት የቤንዚን ቱቦው ላይ እሰራት፤ ነዳጁ በደንብ ይቃጠልልሃል፣ 20 በመቶ ትቆጥባለህ» የሚል ሻጭ አጋጥሟችሁ ያውቃል? ከመግዛታችሁ በፊት እስቲ አብረን እናስላው።

ቤንዚን በዋናነት ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠራ ስለሆነ እንደ ብረት በማግኔት አይሳብም። አቃጣጠሉ ይሻሻላል ብንል እንኳ ሒሳቡ አይሞላም፦ ደህና በሆነ ሞተር ውስጥ ከገባው ቤንዚን ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው ያለ ማግኔትም ይቃጠላል። የቀረው ከ5 በመቶ በታች ከሆነ፣ 20ው ከየት ይመጣል?

ትልቁ ብክነት ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከተቃጠለው ነዳጅ የሚገኘው ጉልበት አብዛኛው ሙቀት ሆኖ በራዲያተርና በማርሚታ ይወጣል፤ ማግኔቱ ይህን አይመልሰውም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም ከ100 በላይ «ቆጣቢ» ዕቃዎችን ገምግሞ ፍጆታን በጉልህ የሚቀንስ አንድም አላገኘም።

«እኔ ጋ ግን ሠርቷል» የሚሉስ? ዕቃውን የገጠመ ሰው ፍጆታውን መከታተል ስለሚጀምር፣ ሳያውቀው ረጋ ብሎ ሊነዳ ይችላል። ያኔ የቆጠበው ማግኔቱ ሳይሆን እግሩ ነው።

ስለዚህ ብራችሁን ያዙና ጎሚስታ ጋ ጎራ በሉ። ንፋሱ የጎደለ ጎማ በተሽከረከረ ቁጥር እየተለመጠ ጉልበት ይበላል፤ በልኩ ማስሞላት ትንሽ ቢሆንም እውነተኛ ቁጠባ ነው።