ቀለሙ ልጣጩ ላይ ነው፦ ጥቁር ስንዴ፣ አጋምና ከርከዴ ለጤናችን ምን ይሰጣሉ?



አጋም በሚበስልበት ወቅት ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ አፋቸውና ጣታቸው ሐምራዊ የሆነ ሕፃናትን አያጣም። ያ በቀላሉ ታጥቦ የማይለቅ ቀለም አንቶሲያኒን ይባላል። ከርከዴን የሚያቀላው፣ ቀይ ሽንኩርትን ቀይ የሚያሰኘው፣ በአገራችን ደጋ የሚበቅለውን ጥቁር ስንዴ የሚያጠቁረውም እርሱ ነው። የፍሬዎች ቀለም መለያየት ቁርኣን (ፋጢር፣ 27) እንድናስተውለው ከጠራን ነገሮች አንዱ ነው። ስለዚህ ቀለም ዛሬ ልናወራ የፈለግነው ግን ሁለት ነገሮች ስላሳሰቡን ነው። በአንድ በኩል ከምንበላው ላይ እየላጥን እንጥለዋለን፤ በሌላ በኩል ደግሞ «መድኃኒት ነው» ብለው የሐኪም ትእዛዝ የሚተዉ ሰዎች አሉ።

ለመሆኑ ምንድን ነው?

ስሙን እ.ኤ.አ. በ1835 ያወጣለት ማርኳርት የተባለ ጀርመናዊ ሲሆን፣ «አበባ» እና «ሰማያዊ» ከሚሉ የግሪክኛ ቃላት የተገጣጠመ ነው። ቀለሙ በውሃ ይሟሟል። ዕፅዋት የሚሠሩት ለራሳቸው ጥቅም ነው፤ አበባው ንብን፣ ፍሬው ወፍን ይጠራበታል። ከኃይለኛ ፀሐይና ከብርድም ይከላከልላቸዋል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን፣ ቀን ፀሐዩ ሌሊት ውርጩ በሚበረታበት አገር፣ ይህ መከላከያ ለዕፅዋት ቀላል ነገር አይደለም።

አስተማሪ በነበርንበት ጊዜ ለተማሪዎቻችን የምናሳየው አንድ ሙከራ ነበር። ከርከዴ በሁለት ብርጭቆ ይቀዳል። በአንደኛው ላይ ሎሚ ሲጨመቅ ቀይነቱ ይደምቃል። በሁለተኛው ላይ የጠለለ የአመድ ውሃ ጠብ ጠብ ሲደረግ ወደ ሐምራዊ፣ ቀጥሎም ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያደላል። ሙከራው ለማየት እንጂ ለመጠጣት አይደለም። አንቶሲያኒን በኮምጣጣ ነገር ቀይ፣ በአመድና በሳሙና ዓይነት ነገር ሰማያዊ የሚሆን ቀለም ነው።

ቀይ ወይም ጥቁር የሆነ ሁሉ ግን አንቶሲያኒን አይደለም። የቀይ ስር ቀለም ቤታላይን፣ የቲማቲም ደግሞ ላይኮፒን ይባላል። ሐምራዊ ገብስን የሚያቀልመው አንቶሲያኒን ሲሆን፣ የጥቁር ገብስ ጥቁረት ግን በአብዛኛው ሜላኒን ከሚባል ሌላ ቀለም ይመጣል።

የምንጥለው ምንድን ነው?

የጥቁር ስንዴ ቀለም የሚገኘው በፍሬው የውጭ ሽፋን ላይ ነው። ስንዴው እንዳለ ተፈጭቶ ሲጋገር ቀለሙ ከዳቦው ጋር ይበላል። ፉርኖ ዱቄት ሲሆን ግን ሽፋኑ ፉርሽካ ሆኖ ይወጣና ለከብት መኖ ይውላል፤ ከቀለሙ ጋር አሰሩና ብዙው ማዕድኑም አብሮ ይሄዳል። ቀይ ሽንኩርትም እንዲሁ ነው። ቀለሙ የበዛው በውጭኛው ክፍሉ ስለሆነ፣ ስንልጥ ሁለት ሦስት ደርብ ከጣልን ዋናውን ጣልን ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችንን የጎበኘው ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ቫቪሎቭ ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መገኛዎች አንዷ አድርጎ ቆጥሯታል። የጥቁር ስንዴም መነሻው የኢትዮጵያ ደጋ ነው። ዛሬ ኒውዚላንድና ካናዳን በመሳሰሉ አገሮች ይህ ባሕርይ በማዳቀል ወደ እነርሱ ስንዴ ገብቶ ለዳቦ ይውላል። እኛ ግን እንግዳ ሲመጣ ነጩን ፍለጋ እንወጣለን፤ ጥቁሩን እንደ ድህነት ምልክት እናየዋለን።

ጥቅሙ እስከ ምን ድረስ ነው?

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 93,600 ሴቶችን ለ18 ዓመታት ተከታትሏል። አንቶሲያኒን አብዝተው የሚመገቡት በድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ጥቂት ከሚመገቡት በ32 በመቶ ያነሰ ነበር። ይህ ግን ዝምድናን ያሳያል እንጂ ቀለሙ ብቻውን ልብን ጠበቀ ለማለት አያስችልም። ፍራፍሬ የሚያበዛ ሰው ሌላም መልካም ልማድ ሊኖረው ይችላል።

ስለ ከርከዴ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት አለ። የደም ግፊታቸው በመጠኑ ከፍ ያለ 65 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ለ6 ሳምንታት በቀን 3 ኩባያ ከርከዴ የጠጡት የላይኛው የግፊት ቁጥራቸው በአማካይ በ7.2 ቀንሷል፤ ከርከዴ ያልጠጡት የቀነሰላቸው በ1.3 ብቻ ነው። ውጤቱ መልካም ነው። ነገር ግን ተሳታፊዎቹ የግፊት መድኃኒት የማይወስዱ ሰዎች ነበሩ። ጥናቱ «ከርከዴ ኪኒንን ይተካል» አላለም።

ይህን አስረግጠን የምንናገረው፣ ከርከዴ ጀምረናል ብለው ኪኒናቸውን ያቆሙ ሰዎች ስላጋጠሙን ነው። የደም ግፊት ሕመም ሳይሰማ ቆይቶ ድንገት አንጎልን ወይም ልብን ይመታል። ስለዚህ «አላመመኝም» ማለት ድኛለሁ ማለት አይደለም። ታከሙ ብለው ያስተማሩን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው። መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ሆነ ነፍሰ ጡር እናት ከርከዴን ከማዘውተራቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ።

በቤታችን ምን እናድርግ?

በረመዷን ለኢፍጣር ከርከዴ ስናቀርብ ስኳሩን እንቀንስ፤ ስኳር የበዛበት ከርከዴ ለስኳር ሕመምተኛ ከለስላሳ መጠጥ ብዙም አይሻልም። ሙቀት ሲበዛ ቀለሙን ስለሚጎዳው ለረጅም ጊዜ አናፍላው። ቀይ ጥቅል ጎመን ስንቀቅል ውሃውን ለሾርባ እንጠቀምበት። ስንዴያችንን ሳናበጥር ሙሉውን እናስፈጭ። ልጆቻችንም አጋም ለቅመው አፋቸው ሐምራዊ ሆኖ ቢመጡ ስለ ልብሳቸው አንቆጣ፤ ከሱቅ ከረሜላ የተሻለ ነገር በልተው መጥተዋል።

ወላሁ አዕለም።