ዋስ ከመፈረም በፊት፦ ሁለት ኩባንያዎች በጋራ ስለሠሯት የስፖርት መኪና

በኪርያት ጋት ቤት ለቤት የምንሄድ ነርሶች ነን። በቅርቡ አንዲት እናት ጋ ሄደን የደም ግፊታቸው ከወትሮው ከፍ ብሎ አገኘነው። «እማማ፣ ምን ገጠመዎት?» ስንላቸው፣ «ልጄ ያገለገለ መኪና ሊገዛ ነው፤ ለብድሩ ዋስ ሁኚኝ ይለኛል። እሱ ቶዮታ ነው ይላል፤ ጓደኛው ደግሞ የለም፣ ሱባሩ ነው ይለዋል። ታዲያ እኔ ምን ላይ ነው የምፈርመው?» አሉን።

ሁለቱም ልጆች እውነት አላቸው። ቶዮታ 86 የምትባለው የስፖርት መኪና በ2012 ገበያ ላይ የወጣች የሁለቱ የጃፓን ኩባንያዎች የጋራ ሥራ ናት። ሱባሩም ያችኑ መኪና ቢአርዜድ ብሎ ይሸጣት ነበር። ባለ 2 ሊትር ሞተሯ የሱባሩ ነው፤ የነዳጅ መርጫ ዘዴው የቶዮታ ነው። የተገጣጠመችው በሱባሩ ፋብሪካ ነው። ፒስተኖቹ ወደ ግራና ቀኝ ተጋድመው ስለሚሠሩ የመኪናዋ ክብደት ወደ መሬት ይቀርባል፤ ጥምዝ መንገድ ላይ ትረጋጋለች። ወዳጆቿ በዚህ ያመሰግኗታል፤ ጉልበት ያንሳታል የሚሉም አሉ። ለገዢው ግን የተጋደመ ሞተር ሻማውን ለመቀየር እንኳ ጊዜ ይፈጃል፤ የጋራዥ ሂሳብ ደግሞ በሰዓት ይቆጠራል። በ2018ም ከቀደምት ምርቶች አንዳንዶቹ በቫልቭ ስፕሪንግ ጉድለት ለነፃ ጥገና ተጠርተዋል።

የጋራ መኪና ለእስራኤልም አዲስ ነገር አይደለም። የሐይፋው አውቶካርስ ከእንግሊዙ ሪላያንት ጋር ሆኖ ሳብራ ስፖርት የተባለችውን መኪና ሠርቶ በ1961 ኒው ዮርክ ላይ አሳይቷል። ሳብራ ማለት በለስ ነው፤ እዚህ አገር የተወለደ ሰውም በዚሁ ስም ይጠራል። ሞተሯ የፎርድ ነበር፤ አካሏ ደግሞ ከፋይበርግላስ የተሠራ። ፋይበርግላስ አይዝግም፤ ጥቂት መኪና ለሚሠራ ፋብሪካም ወጪው ይቀላል። ነገር ግን ስማቸው ከገነነ የእንግሊዝ የስፖርት መኪኖች ጋር መወዳደር ስላቃታት ከ400 ያነሱ ብቻ ተሠሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኩባንያው ራሱ ከሰረ። ዛሬ ሳብራን ለያዘ ሰው የፎርዱን ሞተር ዕቃ ማግኘት ይቀለዋል፤ የአካሏን ዕቃ ማግኘት ግን ያስቸግረዋል።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁን እነዚህን ጠይቁት፦ ሞተሩ የማን ነው? ዕቃው የት ይገኛል? የ2018ቱ ጥገና ተደርጎለታል? መኪናው ቴስት አለው? በዕዳ አልተያዘም? ለወጣት ሹፌር ቢቱዋህ ስንት ይመጣል? ከወርሃዊ ክፍያው ጋር ተደምሮ ከደመወዙ ምን ይተርፈዋል? ከመግዛቱም በፊት መኪናውን ሻጩ ባልመረጠው የምርመራ ጣቢያ ያስመርምረው።

ዋስ መሆን ምስክርነት ብቻ አይደለም። ልጁ መክፈል ቢያቅተው አበዳሪው ወደ እናንተ ይመጣል። በጡረታ ገንዘብ ለሚኖር ሰው ይህ የመድኃኒትና የአስቤዛ ገንዘብ ነው። የዕብራይስጡ ውል ካልገባችሁ ወረቀቱን ቤት ወስዳችሁ የምታምኑት ሰው ያንብብላችሁ። «ዛሬውኑ ፈርሙ» የሚል ሰው ካለ ደግሞ ነገ ይሁን በሉት።

እኚያ እናት እስካሁን አልፈረሙም። ልጃቸውም አልተቆጣም፤ መኪናዋን ለማስመርመር ቀጠሮ ይዟል።