ከሰበታ ወዲያ ያለ ገበታ

በዕረፍት ቀኑ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ደህና ምግብ መብላት የሚያምረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ መኪናውን ወደ ቢሾፍቱ ያዞራል። ሐይቅ ዳር ነጭ የጠረጴዛ ልብስና የተደረደረ ቡፌ ይጠብቁታል። እኔ ግን ለምግቡ ብሎ የሚወጣ ሰው የጅማን መንገድ ቢይዝ ይሻለዋል ባይ ነኝ። ሰበታን፣ ተጂን፣ ቱሉ ቦሎንና ወሊሶን አቋርጦ ወልቂጤ የሚያደርሰው ይህ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ጤፉን፣ እንሰቱንና ክትፎውን በየተራ ያሳያል። ከተማችን ውስጥ ሰው ወረፋ ይዞ የሚበላው ምግብ መሠረቱ እዚህ ነው።

ተጂ ያለችው በበቾ ሜዳ ላይ ነው። መሬቱ ጥቁር መረሬ ስለሆነ የክረምቱን ውሃ ይዞ ያቆያል፤ አዋሽ ሲሞላም ሜዳው ይጥለቀለቃል። ዝናቡ ሲያባራ ገበሬው በቀረው እርጥበት ላይ ሽምብራ ይዘራል። ስለዚህ ጉዞው ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ማዘን አያስፈልግም። በበቾ ነጭ ጤፍ እንጀራ ላይ እየተንተከተከ የሚቀርብ የሽምብራ ሽሮ ለብቻው መንገድ ያስወጣል።

ወሊሶ ላይ የሚያድር ሰው ነጋሽ ሎጅን ያውቀዋል፤ ፍል ውሃውን፣ ትልልቆቹን ዛፎች፣ በላያቸው የሚዘሉትን ጦጣዎች። ከዚያ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ወንጪ አለ። የእሳተ ገሞራ ሐይቁን፣ ደሴቱ ላይ ያለውን የቂርቆስ ገዳምና ማሩን ብዙ ሰው ስለጻፈበት አልደግመውም። እኔ የቸኮልኩት ወደ ክትፎው ነው።

ክትፎ የተፈጨ ሥጋ የሚመስላቸው ሰዎች በጣም በዝተዋል። ለዚህ ጥፋተኞቹ ሥጋ ቤቶች ብቻ አይደሉም፤ ካዘዝን በአምስተኛው ደቂቃ አስተናጋጅ እየጠራን «አልደረሰም?» የምንል እኛም ነን። ማሽን የገባው ለችኮላችን ነው። ማሽኑ ጅማቱን፣ ሞራውንና ቀዩን ሥጋ አንድ ላይ ይጨፈልቃል፤ ሥጋው ይሞቃል፣ ውሃ ያወጣል፣ ይላቁጣል። ቅቤው ሲጨመርበትም ላዩ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይገባበትም።

የቢላው ክትፎ ሌላ ነገር ነው። ወልቂጤ ላይ አንዲት የክትፎ ቤት እመቤት ጓዳቸው አስገብተውኝ ሲሠሩ አይቻለሁ። ጮማ የሌለውን ቀይ ሥጋ በአንድ እጃቸው ወጠር አድርገው ይዘው በስለቱ ይፍቁታል፤ ልሙ ሥጋ እየተላጠ ሲወርድ ጅማቱ እጃቸው ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ነው የእንጨቱ መክተፊያ ላይ በከባዱ ቢላ የሚወርዱበት። «እማማ፣ ማሽን አይሻልዎትም?» አልኳቸው። «ማሽን ጅማት አይለይም፣ ልጄ» አሉኝና ሥራቸውን ቀጠሉ። ሥጋን በስለት ማዘጋጀት በዚህ አገር የቆየ ጥበብ ነው፤ ከዚህ መንገድ ብዙም በማይርቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው መልካ ቁንጥሬ፣ ከሚሊዮን ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎች ከባልጩት ስለት ያወጡ ነበር።

እንግዲህ ክትፎ ቤት ሲመርጡ ከምልክቱና ከወንበሩ ይልቅ ከጓዳው የሚወጣውን ድምፅ ያዳምጡ። ቢላ መክተፊያ ላይ ሲመታ ከተሰማ ይቀመጡ።

ቀጥሎ ቅቤው ነው። በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረው የጉራጌ ቅቤ ለስለስ ብሎ ይሞቃል፤ ሚጥሚጣና ጨው ገብቶበት ከሥጋው ጋር የሚታሸው ግን ከእሳት ወርዶ ነው። ጣባው ሲቀርብልዎ ሳይቀምሱ ሚጥሚጣ አይጨምሩ፤ ባለሙያዋ መጥናዋለች። ቆጮውን ገፍተው ዳቦ የሚጠይቁ ሰዎችንም አይቻለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል። ያ ቆጮ ተፍቆ፣ ጉድጓድ ገብቶ፣ ወራት ቆይቶ የመጣ ነው፤ ኮምጠጥ ያለ ጣዕሙም የቅቤውን ክብደት ያቀልለታል። በትኩሱ ከአይብና ከጎመን ጋር ይብሉት።

ለብለብን በተመለከተ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ብዙ ሰው ጥሬውን ፈርቶ ለብለብ ሲያዝ ከኮሶ ትል የዳነ ይመስለዋል። አልዳነም። ለብለብ ሥጋውን ያሞቀዋል እንጂ ትሉን የሚገድል ሙቀት ላይ አያደርሰውም። አያቶቻችን በየጊዜው ኮሶ ይጠጡ የነበረው ጥሬ ሥጋ ምን እንደሚያመጣ ስለሚያውቁ ነው። ጥሬም ለብለብም የሚበላ ሰው የቄራ ማኅተም ያለው ሥጋ መሆኑን ይጠይቅ፤ ማኅተሙ ግን አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። የሚሰጋ ሰው በደንብ የበሰለውን ይዘዝ፤ ጥሩ ቅቤ የገባበት የበሰለ ክትፎ የሚታፈርበት ምግብ አይደለም።

ወቅቱን በሚመለከት፣ መስከረም አጋማሽ ላይ ይህን መንገድ የሚሄድ ሰው ምግብ ቤት ባይፈልግ ይሻላል። የጉራጌ እናቶች በማኅበር ቅቤ ሲያጠራቅሙ፣ አባቶች ለበሬው ሲቆጥቡ የሚከርሙት ለመስቀል ነው፤ ሙስሊሙ ቤት ደግሞ ይኸው ድግስ በዓረፋ ይደረጋል። በእነዚያ ቀናት ከሁሉ የሚበልጠው ክትፎ የሚገኘው በየቤቱ ነው። «አገር ቤት አብረን እንሂድ» የሚል ጉራጌ ወዳጅ ካለዎት ሌላ ቀጠሮዎን ሰርዘው ይሂዱ፤ ከአዲስ አበባ ስኳር፣ ቡና ወይም ለልጆች የሚሆን ነገር ይዘው ይግቡ፤ ሁለተኛ ጣባ ሲቀርብልዎም «በቃኝ» ለማለት አይቸኩሉ።