ከዓሣው በፊት ውኃው

ለሰው ንጹሕ የሆነ ውኃ ዓሣ ይገድላል። ይህን መጀመሪያ የሰማ ሰው ለማመን ይቸገራል። ለልጁ የሚያጠጣውን ውኃ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ገልብጦ፣ ዓሦቹን በማግሥቱ ጠዋት ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ሲያገኛቸው ጥፋቱን ከሻጩ ወይም ከምግቡ ይፈልጋል። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ከውኃው ነው። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለው ተረት ለዓሣ አርቢ የተነገረ ይመስለኛል፤ ገዳዩ ነገር አይታይም፣ አይደፈርስም፣ ብዙ ጊዜ አይሸትምም።

ቀዳሚው ገዳይ ክሎሪን ነው። የቧንቧ ውኃ እቤት ሲደርስ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም የሚሆን ክሎሪን እንዲኖርበት ይፈለጋል። ይህ መጠን ከተቅማጥና ከኮሌራ ይጠብቀናል። ዓሣ ግን የሚተነፍሰው በስንጥቡ ስለሆነ ውኃው በቀጥታ ደሙን ይጎራበታል፤ ከ0.1 ሚሊ ግራም ያነሰ ክሎሪን እንኳ ለቀናት ከቆየበት ስንጥቡ ይቆስላል። ቡታጅራም ሆነ ወልቂጤ፣ ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር የሚኖር ሰው ሳያስበው መፍትሔው በእጁ ነው፦ አፉ ሰፊ በሆነ በርሜል ወይም ባልዲ ተከፍቶ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን የቆየ ውኃ ክሎሪኑን ለአየር ይለቅቃል። አፉ የጠበበ ጀሪካን ወይም ክዳኑ የተዘጋ ሮቶ ግን ይህን አያደርግም። መጠንቀቅ የሚገባው ሌላ ነገርም አለ። ለመጠጥ ተብሎ «ውኃ አጋር» የተባለው ክሎሪን የተጨመረበት ጀሪካን ከሌላው ጋር ተደባልቆ ወደ ገንዳው እንዳይሄድ ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። መስመር ተሰብሮ ከተጠገነ ወይም ማጠራቀሚያ ከታጠበ በኋላ የሚመጣው ውኃም ክሎሪኑ ሊበረታ ይችላል፤ የመጀመሪያው ድፍርስ ውኃ ለገንዳ አይሆንም። ጊዜ ለሌለው ሰው ሶዲየም ታዮሰልፌት የተባለው ጨው ክሎሪንን ወዲያው ያመክናል፤ የጌጥ ዓሣ መሸጫዎች በጠብታ መልክ የሚሸጡት የውኃ ማከሚያ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ክሎሪን ቀላሉ ነገር ነው። ከባዱ ውኃው ከመሬት ይዞት የሚመጣው ነው፤ እዚህ ላይ በቡታጅራ ዙሪያ ያለው የመስቃን ምድር የራሱ ታሪክ አለው።

በጉራጌ ተራሮች ላይ የሚጥለው ዝናብ ወደ መስቃን ሜዳ ሲወርድ በእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ይሰርጋል። ከቡታጅራ በስተደቡብ ያለው የአረ ሸይጣን ሐይቅና በአካባቢው ቀይ አሽ የሚቆፈርባቸው ጉብታዎች የዚያ እሳት ቅሪት ናቸው። በተራራው ግርጌ በባዛልት ውስጥ ያለፈ ውኃ በአመዛኙ ካልሲየም፣ ማግኒዝየምና ቢካርቦኔት ይይዛል። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ መቂና ወደ ባቱ ሲወርድ ግን ጠባዩ ይለወጣል። በስምጥ ሸለቆው ወለል ሶዲየም የካልሲየምን ቦታ ይወስዳል፣ ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድም ይጨምራል፤ በዚያ ባሉ ብዙ ጉድጓዶች የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠውን በሊትር የ1.5 ሚሊ ግራም ጣሪያ ያልፋል። ከቡታጅራ ባቱ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወልቂጤ ደግሞ ከተራራው ማዶ፣ ውኃው ወደ ዋቤና ወደ ጊቤ በሚፈስበት ተዳፋት ላይ ናት። ስለዚህ ቡታጅራ ላይ የተሳካለት ሰው የሚሰጠው ምክር ወልቂጤ ወይም መቂ ላይ ላይሠራ ይችላል፤ በውጭ አገር መጽሐፍ ላይ የተጻፈውማ ጭራሽ።

እናቶቻችን ውኃን የሚለኩት በሳሙናና በጀበና ነው። ሳሙና የሚበላ፣ በጀበናው ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያስቀር ውኃ ካልሲየምና ማግኒዝየም የበዛበት ነው። ይህ ልኬታ እውነተኛ ነው፤ ተራራው ሥር ላለ ሰው ይበቃዋል። በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ግን ያሳስታል። ሶዲየምና ቢካርቦኔት የበዛበት ውኃ ከሳሙና ብዙ አረፋ ያወጣል፣ በእጅም ሙልጭልጭ ይላል፤ ለልብስ አጣቢ «ለስላሳ» ነው። ነገር ግን በውስጡ ያለው ቢካርቦኔት ፒኤቹን፣ ማለትም የአሲዳማነቱን መለኪያ ቁጥር፣ ከ8 በላይ ይዞ አላወርድም ይላል። በሳሙናው አረፋ ተማምኖ ለስላሳና አሲዳማ ውኃ የሚወደውን ኒዮን ቴትራ የገዛ ሰው፣ ዓሣውን ለምን እንዳጣ ሳያውቅ ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱን ለይቶ መለካት ግድ ነው፦ የካልሲየምና የማግኒዝየሙን መጠን፣ የቢካርቦኔቱንም መጠን። ሁለቱም በጠብታ ወይም ቀለሙን በሚቀይር ወረቀት በደቂቃ ውስጥ ይለካሉ።

የሚለካበት ሰዓትም ያታልላል። ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣ ውኃ እንደ አምቦ ውኃ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ታምቆበት ሊመጣ ይችላል፤ ከቧንቧው ሥር ሲለካ ፒኤቹ 7 ሆኖ፣ አንድ ሌሊት አየር ካገኘ በኋላ 8 ሊሞላ ይችላል። ኦክስጅኑም ትንሽ ነው። ብረት ካለበት በማግሥቱ ዝገት መሳይ አተላ ከታች ይዘቅጣል። በባልዲ ያደረ ውኃ የሚለካው፣ ዓሣው የሚኖርበት እውነተኛው ውኃ ይኸው ስለሆነ ነው።

አሁን ፒኤች ለምን ይህን ያህል እንደሚያሳስብ ልናገር። ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ ያስወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ በውኃ ውስጥ ሁለት መልክ አለው፤ አንደኛው እምብዛም የማይጎዳ፣ ሁለተኛው መርዝ። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒኤች 7 ላይ መርዛማው ከጠቅላላው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ፒኤች 8 ላይ ከመቶ 5 ይሆናል። ፒኤች 9 ላይ ከሲሶ በላይ ነው። ይህ ማለት ስንፍናን የሚታገሥ ውኃ አለ፣ የማይታገሥም አለ፤ የእኛ አካባቢ ውኃ ወደማይታገሠው ያደላል። አዲስ ገንዳ ውስጥ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች እስኪረቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ገንዳ ገዝቶ በዚያው ቀን በዓሣ መሙላት ከሁሉም የከፋው ስሕተት ነው። እነዚያ ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ስለሚኖሩ ስፖንጁን ክሎሪን ባለው ቧንቧ ሥር ማጠብ እነሱን መጨረስ ነው፤ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ብቻ ይለቅለቅ። መብራት ሲጠፋም ማጣሪያው ይቆማል፤ ያን ቀን ዓሣውን አለመመገብ አሞኒያውን ይቀንሳል።

ከፍታው የሚወስደውም አለ። ቡታጅራ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ ውኃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚይዘው ከአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል። በባሕር ወለል 10 ዓሣ ይበቃዋል የተባለ ገንዳ እዚህ 7 ወይም 8 ቢይዝ ይሻላል፤ የአየር መንፊያውም ቅንጦት አይደለም።

ውኃውን መለወጥ የሚሻ ሰው በደጁ ርካሽ ነገር አለው፦ የክረምት ዝናብ። የዝናብ ውኃ ካልሲየምም ቢካርቦኔትም የለውም ማለት ይቻላል፤ ከቧንቧው ጋር ግማሽ በግማሽ ቢደባለቅ ሁለቱም በግማሽ ይወርዳሉ። አዲስ ቆርቆሮ ግን ዚንክ ይለቅቃል፣ ዚንክም ለዓሣ መርዝ ነው፤ በለስላሳ ውኃ ደግሞ ይብሳል። ከአሮጌ ጣሪያ፣ የመጀመሪያው ዶፍ አቧራውን ካጠበ በኋላ የተቀዳው ይመረጣል፤ ከንጹሕ ሸራ ላይ የተቀዳው ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። በበጋ ከገንዳው የሚተነው ውኃ ጨውን ወደ ኋላ ትቶ ስለሚሄድ፣ የጎደለውን በተቀመጠ የዝናብ ውኃ መሙላት ተገቢ ነው። በተቃራኒው ቢካርቦኔቱ ያነሰበት ሰው ለ50 ሊትር 6 ግራም ቤኪንግ ሶዳ፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ግድም፣ አሟሙቶ ቀስ በቀስ ቢጨምር በጀርመን መለኪያ 4 ዲግሪ ከፍ ያደርግለታል።

እኔ ግን ውኃን ለዓሣ ከመለወጥ ዓሣን ለውኃ መምረጥ ይሻላል ባይ ነኝ። ቁጥር እያሳደዱ በየቀኑ ፒኤች የሚያወጡና የሚያወርዱ ሰዎች ዓሦቻቸውን የሚገድሉት በቁጥሩ ሳይሆን በመዋዠቁ ነው። ጋፒ፣ ሞሊና ፕላቲ ካልሲየም ያለበትን ውኃ ይወዳሉ። ወርቃማው ዓሣ የደጋውን ቅዝቃዜ ያለ ማሞቂያ ይችላል፤ ሰፊ ቦታ ግን ይፈልጋል። ማሞቂያ ላለው ሰው የማላዊና የታንጋኒካ ሐይቅ ሲክሊዶች አሉ፤ እነዚያም የምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ልጆች ስለሆኑ ፒኤች ከ8 በላይ የሆነ ውኃ አገራቸው ነው። ከጉራጌ ተራሮች ተነሥቶ ዝዋይ ሐይቅ የሚገባው የመቂ ወንዝም በዓለም የዓሣ መዝገብ ላይ ስሙ አለ፦ ጋራ ማኪየንሲስ የምትባለው፣ ከአፏ ሥር ባለ መጣበቂያ ድንጋይ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ዓሣ ስሟን ያገኘችው ከእርሱ ነው። ከሱቅ የተገዛ ዓሣ የሰለቸው ሰው ወንዝ ውስጥ እንዳይለቅቀው አደራ የምለው ለእርሷና ለመሰሎቿ ስል ነው።

ኬሚስትሪው በሳሎን ብቻ አይወሰንም። አቢጃታ ሐይቅ ላይ ቀድሞ ቆሮሶ ይጠመድ ነበር። ወደ ሐይቁ የሚገባው ውኃ ሲቀንስ ጨውና ሶዳው እየበረታ ሄዶ ዓሣው ጠፋ። በ60 ሊትር ገንዳ የሚሆነው ያው ነው፤ እዚህ የሚፈጀው ሳምንታት ብቻ ነው።

የከተሞቻችን የውኃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤቶች የእያንዳንዱን ጉድጓድና ምንጭ ፒኤች፣ የካልሲየሙን፣ የቢካርቦኔቱን፣ የፍሎራይዱንና የናይትሬቱን መጠን በማስታወቂያ ሰሌዳቸው ላይ ቢለጥፉ የሚጠቀመው ዓሣ አርቢ ብቻ አይደለም፤ ሕፃን የምታሳድግ እናትም ጥርስ የሚያበልዝ ውኃ መሆን አለመሆኑን ታውቅበታለች። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በልኬታው ሊያግዙ ይችላሉ። እስከዚያው ድረስ ዓሣ ለመግዛት ያሰበ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት አንድ ባልዲ ውኃ ቀድቶ ያሳድር፣ ጠዋት ይለካ፣ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ይዞ ወደ ሱቅ ይሂድ።