ጣናን ያደረቀው ውቅያኖስ

የአንድ ክረምት ዝናብ መቅረት ብዙ መነሻ ሊኖረው ይችላል፤ ነፋሳት ለጥቂት ሳምንታት መንገድ መሳታቸው ብቻውን ይበቃል። ለአሥርት፣ አልፎም ለመቶዎች ዓመታት የዘለቀ ድርቅ ግን በእንዲህ ያለ አጋጣሚ አይብራራም። አየር የያዘውን ሙቀትና ርጥበት በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ስለሚለቅ የዓምናውን ወደ ዘንድሮ የማሻገር አቅም የለውም። ይህ አቅም ያለው ውቅያኖስ ነው። የላይኛው ሦስት ሜትር ያህል ውሃ ብቻ ከበላዩ ያለው አየር በሙሉ የሚይዘውን ያህል ሙቀት ይይዛል። ጥልቁ ውሃ ደግሞ አንዴ ከቀዘቀዘ ወይም ከሞቀ ወደ ነበረበት ለመመለስ ምዕተ ዓመታት ሊፈጅበት ይችላል።

ባሕር ዝናብን የሚመራበት አንዱ መንገድ ግልጽ ነው፤ ሞቃት ባሕር ብዙ ይተናል፣ ቀዝቃዛ ባሕር ጥቂት። ከዚህ የሚበልጠው ግን በባሕሮች መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ነው። በምድር ወገብ ዙሪያ የተዘረጋው የዝናብ ቀበቶ ሁልጊዜ ይበልጥ ወደ ሞቀው ንፍቀ ክበብ ያደላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ክረምት የሚገባው ይህ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲወጣ፣ ከኮንጎ ተፋሰስ፣ ከህንድ ውቅያኖስና ከቀይ ባሕር በኩል የሚመጣው ርጥበትም ደጋው ላይ ሲደርስ ነው። ሰሜን አትላንቲክ ክፉኛ ከቀዘቀዘ ቀበቶው ወደ ደቡብ ያፈገፍጋል፤ ክረምቱም ይሳሳል።

ይህ በተግባር ምን እንደሚያስከትል ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ጣና ነው። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሰፋም ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ለዝናብ እጥረት ቶሎ ይሸነፋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት የሐይቁን ወለል በድምፅ ሞገድ ሲፈትሽ ከደለሉ ሥር አንድ ጠንካራ ንጣፍ አገኘ። በዳር በኩል ንጣፉ ጎርፍ በቦረቦራቸው ቦዮች ተቆራርጧል። ጎርፍ እንዲህ ያለ ቦይ የሚቆርጠው ውሃ በሸሸበት መሬት ላይ እንጂ በሐይቅ ሥር አይደለም።

ከሐይቁ መካከል በቱቦ የወጣው ደለል የቀረውን ያሟላል። ከሥር ያለው ውሃው ሸሽቶ የጠጠረ ደለል ነው። ቀጥሎ የደንገል ረግረግ ቅሪት ይመጣል። ዛሬ በዳርቻው የሚበቅለውና ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመታት በፊት የበቀለው በሐይቁ መሃል ነበር። ከዚያ በላይ ጨው የሚወዱ ዳያቶሞች ይገኛሉ፤ እነዚህ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታዩ፣ ቅርፊታቸው እንደ መስተዋት ያለ ዋቅላሚዎች ናቸው። ሐይቁ መሙላት ቢጀምርም ገና መውጫ ስላልነበረው ውሃው ይተን ነበር፤ ጨው ግን አይተንምና እዚያው ይቀራል። ከ14,750 ዓመታት በፊት ገደማ ጨው ወዳዶቹ ድንገት ይጠፋሉ፤ ጣና ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። የነጭ ዓባይ ምንጭ የሆነው ቪክቶሪያ ሐይቅም በዚሁ ዘመን ደርቆ ስለነበር፣ ናይል እስከዚያ ድረስ በየወቅቱ ብቻ የሚፈስ ወንዝ ነበር ማለት ነው።

የዚህ ድርቅ ምክንያት የሚገኘው ከጣና በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። ጀርመናዊው ተመራማሪ ሐርትሙት ሃይንሪሽ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ጽሑፍ በሰሜን አትላንቲክ ወለል ደለል ውስጥ የሚደጋገሙ የድንጋይ ስብርባሪ ንጣፎችን ገለጸ። ድንጋዩን እስከዚያ ያደረሰው ያኔ ሰሜን አሜሪካን ከሸፈነው ግግር በረዶ እየተገመሰ በሐድሰን ሰርጥ በኩል የወጣ ተንሳፋፊ በረዶ ነው። በረዶው ሲቀልጥ ድንጋዩ ሰመጠ፤ ጨው የሌለበት ቀላል ውሃ ግን ባሕሩን ከላይ ሸፈነው። በወትሮው ከሐሩር ክልል የሚመጣው ሞቃትና ጨዋማ ውሃ በሰሜን ሲቀዘቅዝ ከብዶ ይሰምጣል፤ ሲሰምጥም ሌላ ሞቃት ውሃ ከኋላው ይስባል። ሽፋኑ ይህን ዝውውር ገታው። በበርሙዳ አቅራቢያ ከባሕር ወለል የወጣ ደለል ዝውውሩ ከ17,500 ዓመታት በፊት ገደማ ከሞላ ጎደል እንደቆመ ያመለክታል። ዝውውሩ ያገገመው ከ14,700 ዓመታት በፊት ገደማ ነው፤ ጣና ከሞላበት ጊዜ ጋር እንዲህ መቀራረቡ እንደ አጋጣሚ የሚታለፍ አይደለም። ከድርቁ ምን ያህሉ የአትላንቲክ፣ ምን ያህሉ የህንድ ውቅያኖስ መቀዝቀዝ ድርሻ እንደሆነ ግን አሁንም ያከራክራል።

ቴርሞሜትር ያልነበረበት ዘመን የባሕር ሙቀት የሚለካው ፎራሚኒፌራ ከሚባሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ቅርፊት ነው። ውሃው በሞቀ ቁጥር ቅርፊቱ ውስጥ ከካልሲየም አንጻር ያለው ማግኒዚየም ይጨምራል። ለቅርብ ዘመናት ኮራል ይመረጣል፤ እንደ ዛፍ በየዓመቱ ቀለበት ስለሚያስቀምጥ የእያንዳንዱን ዓመት ሁኔታ ይነግራል።

የአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ ግዛቶችን ከ9ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ደጋግመው የመቱት ረጃጅም ድርቆች ከፓስፊክ ጋር የተያያዙት በዚህ መንገድ ነው። በካሊፎርኒያ በሚገኘው ሞኖ ሐይቅ ውሃው ሲጎድል የታዩ ጉቶዎች ሥር የሰደዱት በሐይቁ ወለል ውስጥ ነው፤ ዛፎቹ እዚያ እስኪያድጉ ድረስ ውሃው አልተመለሰም። በፓስፊክ ካለችው ፓልማይራ ደሴት የተወሰደ ኮራል ደግሞ የፓስፊክ መካከለኛ ክፍል በ10ኛው ክፍለ ዘመን ቀዝቃዛ እንደነበር ያሳያል። ይህ ላኒና የሚባለውንና የአሜሪካን ደቡብ ምዕራብ የሚያደርቀውን ሁኔታ ይመስላል። ያው ላኒና ለኢትዮጵያ ክረምት አብዛኛውን ጊዜ በጎ ነው፤ ክረምቱን የሚያሳሳው ተቃራኒው፣ ኤልኒኞ ነው።

ከቅርብ ጊዜ ረጃጅም ድርቆች አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሳህልን ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል የያዘው ነው፤ ኢትዮጵያን በ1977 ዓ.ም. ያስራበው ድርቅም በዚሁ ዘመን ውስጥ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የቀረበ አንድ ታዋቂ መላምት ጥፋቱን በልቅ ግጦሽ ላይ ጣለ፤ የተራቆተ መሬት ፀሐይን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ዝናብን ያርቃል የሚል ነው። አርብቶ አደሩ ከድርቁ በላይ ወቀሳውን ተሸክሞ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ ጥናት ግን የሳህል ዝናብ ከዓለም ባሕሮች ሙቀት ጋር አብሮ እንደሚለዋወጥ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ተመራማሪዎች ለኮምፒውተር ሞዴል ከ1930 እስከ 2000 ድረስ የተመዘገበውን የባሕር ገጽ ሙቀት ብቻ ሰጡት። ስለ ከብትም ሆነ ስለ እርሻ ምንም ያልተነገረው ሞዴል የሳህልን መድረቅ በዋና ዋና መልኩ ደገመው፤ የመሬቱ መራቆት ያባባሰው እንጂ የጀመረው አልነበረም።